ጥቃቅን የዕለት ደስታዎችና የአረጋውያን ጤና፤ በአርሲ ደጋ ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

ፀሐይ በጭላሎ ተራራ በኩል ብቅ ስትል፣ በአሰላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የአርሲ ደጋ ወረዳዎች በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በየደጃፉ ሲሞቁ ማየት የተለመደ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለሆነ ብርዷ የታወቀ ነው፤ በዚህም ምክንያት የጠዋት ፀሐይ ለአረጋዊ ሰው ራሱን የቻለ ደስታ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከአንዱ ቤት «ቡና ጠጡ» የሚል ጥሪ ይሰማል። ቆሎው ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሰፈሩ ወሬ ይወራል፤ በመጨረሻም ይመረቃል። ቀኑ ሲገፋ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ፣ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መቀበል፣ ማታም ከብት ሲገባ ቆሞ መቁጠር ይከተላል። የአረጋዊው ቀን የሚሞላው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። በሕመምተኛው ካርድ ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም ሲጻፍ አይታይም።

ከዕለታት በአንዱ ቀን እኒያ አረጋዊ ከደጃፉ ይጠፋሉ። ቡና ሲጠሩ «እናንተ ጠጡ» ብለው ይቀራሉ። ቤተሰብ «እንግዲህ አርጅተዋል፤ ምን ይደረግ» ይላል። ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጡም የደም ግፊታቸው ተለክቶ «የዕድሜ ነገር ነው» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በአረጋውያን ዘንድ የዕለት ደስታ መቋረጥ የእርጅና ተፈጥሮአዊ ውጤት ተደርጎ መታለፍ እንደሌለበት፣ ይልቁንም አብዛኛውን ጊዜ ሊታከም ወይም ሊቃለል የሚችል ምክንያት ያለው ምልክት መሆኑን ማስረዳትና በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ደረጃ ሊደረግ የሚችለውን ማመልከት ነው።

እርጅና በራሱ ደስታን አያጠፋም

ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ጉልበት ይቀንሳል፣ ዓይንና ጆሮ ይደክማሉ፣ የትዳር ጓደኛና የዕድሜ እኩያ በሞት ይለያሉ። ይህም ሆኖ እርጅና በራሱ ሰውን ደስታ የለሽ አያደርግም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ላውራ ካርስተንሰን ለብዙ ዓመታት ባካሄዷቸው ጥናቶች እንዳስረዱት፣ ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን ሲገነዘብ የግንኙነቱን ክብ ያጠባል፤ ሩቅ ትውውቅን ትቶ ለልቡ የሚቀርቡትን ሰዎችና ትርጉም የሚሰጡትን ነገሮች ይመርጣል። በመሆኑም ብዙ አረጋውያን ከወጣቶች ያላነሰ፣ አንዳንድ ጊዜም የበለጠ የተረጋጋ ስሜት ይኖራቸዋል።

ጀርመናውያኑ ተመራማሪዎች ፖልና ማርግሬት ባልተስ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ጽንሰ ሐሳብ፣ በመልካም ሁኔታ የሚያረጅ ሰው ሦስት ነገሮችን እንደሚያደርግ አስረድተዋል። ከብዙው ጥቂቱን ይመርጣል፤ የመረጠውን አጥብቆ ይይዛል፤ የጎደለውን በሌላ ዘዴ ይተካል። በምሳሌነት የሚጠቀሱት የፒያኖ ተጫዋቹ አርተር ሩቢንስታይን ናቸው። በእርጅናቸው ዘመን የሚጫወቷቸውን ሥራዎች ቁጥር ቀነሱ፤ የቀሩትን አዘውትረው ተለማመዱ፤ ፈጣኑ ክፍል ከመድረሱ በፊት ያለውን ዝግ አድርገው በመጫወት ፈጣኑ ይበልጥ የፈጠነ መስሎ እንዲሰማ አደረጉ።

ይኸው ብልሃት ምንም ጽንሰ ሐሳብ ባልተማረው የአርሲ ገበሬ ዘንድም ይታያል። ሞፈርና ቀንበር የከበዳቸው አባት እርሻውን ለልጃቸው ያስረክባሉ፤ የጓሮውን ጎመንና ድንች ግን አይለቁም። በእግራቸው ገበያ መሄድ ሲያቅታቸው በጋሪ ይሄዳሉ። ጋሪውም ሲያንገላታቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው ከገበያ የሚመለሰውን ሰው የስንዴና የገብስ ዋጋ ይጠይቃሉ። የሚሠሩት ቀንሷል፤ ደስታቸው ግን አልተቋረጠም።

ከዚህ የጤና ባለሙያው የሚያገኘው አንድ ጠቃሚ መለያ አለ። አረጋዊው ራሳቸው መርጠው የተዉት ነገር ካለና በቀረው ከተደሰቱ፣ ይህ ጤናማ እርጅና ነው። ሳይፈልጉ የተዉት፣ ወይም የቀረውም ቢሆን ደስ የማያሰኛቸው ከሆነ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

የአርሲ ደጋ አረጋውያንና የደስታቸው ምንጮች

የአረጋዊን ደስታ ለመጠየቅ የኖሩበትን ዘመንና ባህል በመጠኑ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና የተዳቀሉ ላሞች ወደ አካባቢው ሲያስገባ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል፤ አልፈውም ሄደዋል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅና በ1970ዎቹ መጨረሻ የተካሄደውን የመንደር ምሥረታ በዓይናቸው አይተዋል። የበቆጂዋ ልጅ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የጎልማሳነት ዕድሜ ላይ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ትዝታ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት በራሱ ደስታ ነው። ባለሙያው የደም ግፊት እየለካ «አባባ፣ ካዱ ሲመጣ የት ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ ስለ አረጋዊው የማስታወስ ችሎታና ስሜት ግን ብዙ ነገር ይረዳል።

በአርሲ ኦሮሞ ባህል አረጋዊት ሴት ተመልካች ብቻ አይደለችም። ስንቄ የተባለው በትር ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ሲሆን፣ የሴትን መብትና ክብር የሚያስጠብቅ ምልክት ነው። በአንዲት ሴት ላይ በደል ሲደርስ ወይም በጎሣዎች መካከል ጠብ ሲነሣ፣ ስንቄ የያዙ እናቶች ተሰባስበው ይወጣሉ፤ ያስታርቃሉ። ወንዶች ሽማግሌዎችም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰፈሩን ጉዳይ ያያሉ፤ ይዳኛሉ። ስለዚህ አንዲት እናት ከስንቄው ስብሰባ፣ አንድ አባት ከሽምግልናው የቀሩ እንደሆነ የተቋረጠው መዝናኛ ብቻ ሳይሆን በማኅበረሰቡ ውስጥ ያላቸው ቦታም ነው። ወዳጃና ዱዓው፣ ማኅበርና ሰንበቴው፣ ዕድሩም እንደዚሁ ናቸው።

ምግብም ሌላው የደስታ ምንጭ ነው። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚዘጋጀው ጩኮ፣ ገንፎው፣ እርጎው፣ በቡና ሰዓት የሚቀርበው ቆሎ ከልጅነት ጀምሮ የተለመዱ ጣዕሞች ናቸው። ጥርሳቸው ያለቀ አረጋዊ ቆሎውን ቢተዉም ጩኮውን በደስታ ይበላሉ። ጩኮውን ጭምር «አልፈልግም» ካሉ ግን ጉዳዩ የጥርስ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ደስታ ሲቋረጥ ምን ሊጠረጠር ይገባል?

ቀደም ሲል ደስ ያሰኝ ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት ከድብርት ሕመም ሁለት ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ሌላው የማያቋርጥ ሐዘንተኛ ስሜት ነው። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ለሁለት ሳምንታት ያህል፣ በአብዛኛው ቀንና በየቀኑ ማለት በሚቻልበት ሁኔታ ከታየና የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የኃይል፣ የትኩረት ወይም የተስፋ መጓደል ከታከለበት የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል።

አረጋውያን ግን «አዝኛለሁ» ብለው ወደ ሕክምና እምብዛም አይመጡም። የሚናገሩት ስለ አካላቸው ነው። «ሰውነቴ ከበደኝ»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «እህል አልበላ አለኝ»፣ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላሉ። ስለ ሐዘናቸው በቀጥታ ሲጠየቁ ደግሞ ፈጣሪን ማማረር ስለሚመስላቸው «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። በአንጻሩ «ከሁሉ የሚወዱት ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያፍር ወይም የሚቆጣ አረጋዊ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ስለ ደስታ መጠየቅ ወደ ሐዘኑ የሚያስገባ ቀላል በር ነው።

ለዚህ የሚረዱና በብዙ አገሮች የሚሠራባቸው ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የማዘን፣ የመደበር ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜትስ?» የሚል ነው። ለእያንዳንዳቸው «በጭራሽ» 0፣ «ጥቂት ቀናት» 1፣ «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3 ይሰጣል። ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰፋ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ አረጋዊው በሚናገሩት ቋንቋ፣ በአርሲ ገጠር በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ፣ ሊቀርቡ ይገባል። በልጅ ወይም በምራት አስተርጓሚነት የሚጠየቅ ሰው እውነቱን ሊደብቅ ይችላል።

ሐዘንን ከሕመም መለየትም ተገቢ ነው። የትዳር ጓደኛ የሞተበት ሰው ማልቀሱና ከሰው መራቁ የሚጠበቅ ነው። በተለመደው ሐዘን ስሜቱ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመካከሉ በልጅ ልጅ ጨዋታ ፈገግ ማለት ይቻላል። ወራት እያለፉ አንዳች ነገር ደስ የማያሰኝ፣ ራስን ከንቱና ሸክም አድርጎ የሚያስቆጥር ሁኔታ ከቀጠለ ግን ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ነው።

«ፈጣሪ በወሰደኝ» የሚለው አነጋገርም በአረጋውያን ዘንድ የተለመደ በመሆኑ ብቻ በቸልታ መታለፍ የለበትም። ባለሙያው በእርጋታ «በራስዎ ላይ ጉዳት ለማድረስ አስበው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያልነበረበት ሰው ላይ አይዘራም። የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር እንደ መሆኑ ፀረ ተባይና የእህል ማከሚያ ኬሚካል በየቤቱ ሊገኝ ይችላል። አደጋ የተጠረጠረ እንደሆነ ቤተሰቡ ኬሚካሉን ቆልፎ እንዲያስቀምጥ ወይም ከቤት እንዲያስወጣ፣ አረጋዊውም ብቻቸውን እንዳይሆኑ ማድረግና ሳይዘገዩ ወደ አእምሮ ሕክምና መላክ ሕይወት ያድናል።

ከሰው መነጠል በአካል ላይም ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና 148 ጥናቶችን በአንድነት የገመገመ ሥራ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ የቡናው ጥሪ ለጤና ባለሙያ ጌጥ ብቻ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም።

ከጀርባው ያሉ የተለመዱ ምክንያቶች

ደስታ ያጡ አረጋዊ ሁሉ የድብርት ሕመም አለባቸው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ በሰውየውና በደስታው መካከል የቆመ አንድ ተራ እንቅፋት ይገኛል።

ሀ/ ዓይን፡- በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት የመጣ መሆኑን አመልክቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። የቅርብ ዕይታ መድከም ደግሞ በቀላል መነጽር ይስተካከላል። ዳዊት መድገም ወይም ቁርአን መቅራት፣ እህል መልቀም፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቆሙ አረጋዊ መጀመሪያ ዓይናቸው ሊመረመር ይገባል። በትራኮማ ምክንያት የተቀለበሰ የዓይን ፀጉርም መታየት አለበት።

ለ/ ጆሮ፡- ጨዋታው የማይሰማቸው ሰው ከጨዋታው ይሸሻሉ። ምክንያቱ የተከማቸ የጆሮ ኩክ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ጆሮን በመሣሪያ ማየት ፈጽሞ መዘለል የለበትም። የመስማት መቀነስ ክብደቱ ከዚህም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን የመርሳት ሕመምን ሊያባብሱ ከሚችሉና ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች መካከል የመስማት ችግርን፣ ያልታከመ የዕይታ ችግርን፣ ድብርትንና ከማኅበራዊ ሕይወት መነጠልን ቆጥሯል።

ሐ/ ሽንት፡- ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል አረጋውያንን ከሰው ከሚለዩት ችግሮች ሁሉ በጣም የሚደበቀው ነው። በወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ፣ በሴቶች የማሕፀን መውረድ፣ በሁለቱም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የስኳር በሽታ ሊያስከትሉት ይችላሉ።

መ/ መገጣጠሚያና እግር፡- በጉልበት ሕመም ምክንያት አቀበት ቁልቁለቱ የከበዳቸው፣ በክረምት ጭቃ መውደቅን የፈሩ አረጋዊ ከቤት መዋልን ይመርጣሉ። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ቁመታቸውን የሚመጥን ከዘራና የማያንሸራትት ጫማ ብዙ ይረዳሉ። ዳይክሎፌናክን የመሰሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ፣ የደም ግፊትንም ስለሚጨምሩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

ሠ/ ሌሎች ሕመሞች፡- የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ድካምና ካንሰር በድካምና በፍላጎት ማጣት ሊጀምሩ ይችላሉ። የመርሳት ሕመምም መጀመሪያ የሚታየው አንዳንድ ጊዜ ከጨዋታና ከሥራ በመራቅ ነው።

ረ/ መድኃኒት፡- አረጋዊው የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከገበያ የተገዙትን ጨምሮ፣ በከረጢት አስይዞ ማየት ያስፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይቋጥራል፣ የሆድ ድርቀትና ግራ መጋባት ያስከትላል፣ ለመውደቅም ያጋልጣል። ፕሮፕራኖሎል ድካም ሊያመጣ ይችላል። የሚያሸና መድኃኒት ደግሞ በማለዳ ሲወሰድ አረጋዊውን ግማሽ ቀን ከመጸዳጃ አያርቅም።

ለአብነት ያህል የሚከተለው ሁኔታ ይታሰብ። ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አንዲት የ72 ዓመት እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ልጁ «እህል አይበሉም፤ ከቤት አይወጡም፤ አርጅተዋል መሰለኝ» ይላል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥተው የደም ግፊት መድኃኒትና ቪታሚን ተሰጥቷቸዋል። በሦስተኛው ጊዜ ነርሷ ልጁን ውጭ እንዲጠብቅ አድርጋ «እማማ፣ ድሮ ከሁሉ የሚወዱት ምን ነበር?» ስትል ትጠይቃለች። «ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ወዳጃ» ይላሉ። «አሁንስ ለምን ቀሩ?» ስትላቸው ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ሽንቴ ያመልጠኛል። በሰው ምንጣፍ ላይ እንዴት እቀመጣለሁ? ውዱእ ይዤስ እንዴት ይቆይልኛል?» ብለው ይመልሳሉ።

እኒህ እናት ላይ የተገኘው የማሕፀን መውረድና ኢንፌክሽን ሲሆን፣ በማለዳ የሚወስዱት የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ሁኔታውን አባብሶታል። ኢንፌክሽኑ ታከመ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ተለወጠ፤ የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ተማሩ፤ ለማሕፀኑም ወደ ሆስፒታል ተላኩ። እስከዚያው የሚጠቀሙበት ንጹሕ የጨርቅ ማስቀመጫ ተነገራቸው። ሃይማኖታቸው ለሕመምተኛ ስለሚፈቅደው ማቅለያ ሸኻቸውን እንዲጠይቁም ተመከሩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የቡናው ቤት ሄደው ከበሩ አጠገብ መቀመጣቸውን ቢናገሩ፣ ሽንታቸው ገና ሙሉ በሙሉ ባይስተካከልም ሕክምናው መሥራት ጀምሯል ማለት ነው።

ክልከላ የበዛበት ምክር

አረጋዊው የሚወዱትን የሚያሳጣቸው አንዳንድ ጊዜ ራሱ የሕክምና ምክር ነው። «ጨው አይብሉ፣ ቡና አይጠጡ፣ ቅቤ አይቅመሱ፣ አይድከሙ» እየተባለ የሚሰጠው ምክር በዝቶ ሲመጣ፣ ሰውየው አንድም ይህን ሁሉ ትቶ ይከፋዋል፣ አንድም ምክሩን በሙሉ ይጥለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክልከላ ከመነገሩ በፊት የሚያስገኘው ጥቅምና የሚያስቀረው ደስታ ሊመዘኑ ይገባል።

ቡናን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። መጠኑን የጠበቀ ቡና አብዛኛውን የደም ግፊት ሕመምተኛ አያስከለክልም። ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የጨጓራ ሕመም ካለ መቀነሱ ተገቢ ነው። በገጠር በብዙ ቤት ቡና በጨው የሚጠጣ በመሆኑ ለደም ግፊት ሕመምተኛ በይበልጥ የሚያሰጋው ጨው ነው። እንግዲህ «ቡና ይተዉ» ከማለት ይልቅ «ቡናዎን ያለ ጨው ይጠጡ፤ የማታውን ይቀንሱ» ማለት ግፊቱንም ጉርብትናውንም ይጠብቃል። የደም ማነስ ላለባቸው ደግሞ የብረት ማዕድን እንክብላቸውን ከቡናው ሰዓት እንዲያርቁ መንገር ይበቃል። ለስኳር ሕመምተኛም ጩኮን ፈጽሞ ከመከልከል መጠኑን ወስኖ፣ ከሌላው የዱቄት ምግብ ላይ ቀንሶ፣ በዓመት በዓል እንዲቀምሱ መፍቀድ ይቻላል።

የመድኃኒት ሰዓትም እንዲሁ ነው። በገበያ ወይም በቅዳሴ ቀን የሚያሸና መድኃኒታቸውን የሚዘሉ አረጋዊ እምቢተኛ ተብለው መወቀስ የለባቸውም። ከቦታው ሲመለሱ እንዲወስዱት ቢፈቀድላቸው ሁለቱንም ያገኛሉ።

የጤና ባለሙያው ምን ማድረግ ይችላል?

የሚከተሉት እርምጃዎች ልዩ መሣሪያ አይጠይቁም።

1ኛ/ መጠየቅና መጻፍ፡- ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑትን ሁሉ «በቀንዎ ውስጥ ደስ የሚያሰኝዎ ምንድን ነው? በቅርቡ የተዉት አለ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ መመዝገብ። «ከጎረቤት ቡና ከጥር ወዲህ አቁመዋል» የሚል አንድ መስመር ለሚቀጥለው ባለሙያ ትልቅ መረጃ ነው።

2ኛ/ እንቅፋቱን መለየት፡- ከላይ በተዘረዘረው ቅደም ተከተል ዓይንን፣ ጆሮን፣ ሽንትን፣ እግርን፣ ሌሎች ሕመሞችንና መድኃኒትን መፈተሽ፤ ሁለቱን የድብርት ጥያቄዎች መጠየቅ። የትዳር ጓደኛ ሞት፣ ከሥራ መገለል፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ በደል ወይም ችግር መኖሩንም ማጣራት።

3ኛ/ የሚታከመውን ማከም፡- የድብርት ሕመም ሲኖር ምክርና መድኃኒት እንደ ክብደቱ ይሰጣል። መድኃኒት ካስፈለገ ለአረጋውያን ከአሚትሪፕቲሊን ይልቅ ፍሉኦክሰቲን ይመረጣል፤ በቀን በ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። የሚያሸና መድኃኒት አብረው የሚወስዱ ከሆነ የሶዲየም መቀነስ፣ የሕመም ማስታገሻ የሚያዘወትሩ ከሆነ የጨጓራ መድማት ሊከተል እንደሚችል መታሰብ አለበት።

4ኛ/ ትንሽ ዕቅድ ማውጣት፡- ድብርት ያለበት ሰው «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይላል። ልምዱ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ስሜቱ የሚከተለው መውጣቱን ነው። ስለዚህ ከአረጋዊው ጋር ተነጋግሮ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር፣ በቀንና በሰዓት ተወስኖ ይመረጣል። «ደስተኛ ይሁኑ» የሚል ምክር ምንም አይረዳም። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ልጅ ልጅዎ ወንበር ያወጣልዎታል፤ እስከ አራት ሰዓት ፀሐይ ይሞቃሉ» የሚለው ግን ሊፈጸም ይችላል። በሳምንቱ የጎረቤት ቡና፣ በሚቀጥለው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ይታከላል።

5ኛ/ ቤተሰብን ማሳተፍ፡- ልጆች በፍቅር ተነሣስተው ከአረጋዊው እጅ ሥራውን ሁሉ ይቀበላሉ፤ «እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» ይላሉ። ዶሮ መመገብ፣ ቆሎ መልቀም፣ ሕፃን መያዝ፣ ለእርሻ የሚበጀውን ቀን መምከር ግን ሥራ ብቻ ሳይሆን ክብር ጭምር ስለሆነ ሊተውላቸው ይገባል።

6ኛ/ መከታተል፡- በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያውን እስከ ቤት ያደረሰ ነው። እናቶችንና ሕፃናትን ለመጎብኘት የሄደች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያው ቤት ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አያትም ሰላም ብላ፣ «ሰሞኑን ወጥተዋል ወይ?» ብትል ቀደምት ምልክቱን ከማንም በፊት ታገኘዋለች። ዕድሩና የሃይማኖት አባቶችም ከቡናና ከጸሎት የጠፋውን ሰው ቀድመው ስለሚያውቁ ሊያሳውቁ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

እርጅናን ማዳን አይቻልም። በእርጅና ስም የተሸፈነውን ሞራ፣ ኩክ፣ የሽንት ችግር፣ የጉልበት ሕመምና ድብርት ማከም ግን ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ጤናማ እርጅናን የተረጎመው ከበሽታ ነፃ በመሆን ሳይሆን፣ ሰው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ለመሆንና ለማድረግ ባለው ችሎታ ነው። በአርሲ ደጋ ለሚኖሩ አረጋዊ ይህ ችሎታ ማለት በጠዋት ፀሐይ መቀመጥ፣ «ቡና ጠጡ» ሲባሉ ተነሥቶ መሄድ፣ ተመርቆና መርቆ መመለስ ነው።

ስለዚህ በዕድሜ የገፉ ሰው ወደ ምርመራ ክፍል ሲገቡ የደም ግፊታቸውና ክብደታቸው እንደሚለካ ሁሉ፣ የተዉት ነገር ካለ መጠየቅ ይኖርበታል። መልሱ «ምንም አልተውኩም» ከሆነ መልካም ዜና ነው። «እንጃ፣ አሁንማ ምን አለኝ» ከሆነ ግን ምርመራው ገና ተጀመረ እንጂ አላለቀም።